ሚኒባስ እንኳ ረዳት አለው

ሰሞኑን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ጭቅጭቅ ተነሳ። ሐረጎን እየወጣን ነው። መኪናው ያቃስታል። ከኋላዬ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች የምክር ቤት አባላት ደመወዝ ይጨመር አይጨመር ተባብለው ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸውም። አንደኛው «ለጭብጨባ ነው የሚጨመርላቸው?» ይላል። ሌላኛው «አንተ እስቲ በዚያ ደመወዝ አዲስ አበባ ኑርባት!» ይለዋል። ረዳቱ ሒሳብ እየሰበሰበ «እኔ ብሆን በነፃ አጨበጭብ ነበር» አለና መኪናው በሳቅ ተሞላ።

እኔ አልሳቅሁም። ዓይኔ ረዳቱ ላይ ቀረ። ይቺ አሥራ ምናምን ሰው የምትጭን ሚኒባስ እንኳ ረዳት አላት። በር ይከፍታል፣ መልስ ይሰጣል፣ «ወራጅ አለ» ሲባል ይሰማል። አራት ኪሎ ያለው ምክር ቤት 547 ወንበር ነው። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለዚያ ሲካፈል ለአንድ ተወካይ ወደ 200 ሺህ ሰው ይደርሰዋል። ከዚህ ሁሉ ሰው አንዱ «ወራጅ አለ» ቢል ማን ይሰማዋል?

ብሶቴን ከአጎቴ ልጀምር።

አጎቴ ገበሬ ናቸው። ከደሴ ራቅ ባለ አንድ ደጋ ወረዳ (ስሙ ይቆየኝ) የወረዳ ምክር ቤት አባል ናቸው። የተመረጡት ሚያዝያ 2005 ነው። ለአምስት ዓመት። ከዚያ ወዲህ የአካባቢ ምርጫ ዛሬ ነገ ሲባል፣ ሲራዘም፣ እሳቸውም አብረው ተራዘሙ። ፀጉራቸው እዚያው ነጣ። ተራ የወረዳ ምክር ቤት አባል ደመወዝ እንደሌለው የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ጉባኤ ሲጠራ ውሎ አበል አለ። እሱም በጀት ሲለቀቅ። አጎቴ ጥር ላይ የፈረሙበት አበል ግንቦት ላይ ነው የደረሳቸው። የአልጋውን፣ የምሳውን፣ የመኪናውን ከኪሳቸው ከፍለው፣ አንዴማ ሙክት ሸጠው።

ይሁን። ገንዘቡን ለምደውታል። ያንገበገበኝ ሌላ ነው።

ባለፈው ክረምት የቀበሌዋ ትራንስፎርመር ነደደ። ወፍጮ ቤቱ ቆመ። ሴቶቹ እህሉን በአህያ ጭነው ሁለት ሰዓት ተኩል ይጓዛሉ፤ ወረፋ ካለ እዚያው አድረው ይመለሳሉ። ሕዝቡ ወደ ማን ይሂድ? ወደ መረጠው ሰው ሄደ። አጎቴ በሌሊት ተነስተው ወረዳው ከተማ ወረዱ። ኮምፒውተር ቤት ገብተው ደብዳቤ አስጻፉ። ገጹ 30 ብር። «ጉዳዩ፦ የተቃጠለ ትራንስፎርመር እንዲተካልን ስለመጠየቅ» የሚል። ሁለት ጊዜ አስነበቡት። ፈረሙበት። በፕላስቲክ አድርገው ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄዱ። እኔም አብሬያቸው ነበርኩ።

መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ተቀበለቻቸው። ገለበጠችው። ጀርባውን አየችው። እንደገና ፊቱን አየችው።

«አባባ፣ ማኅተም የለውም።»

«እኔ የምክር ቤት አባል ነኝ ልጄ።»

«ገባኝ አባባ። ግን ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ገቢ አላደርግም።»

አጎቴ ዝም አሉ። ደብዳቤውን መልሰው በፕላስቲኩ ከተቱት። እጃቸው ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። ልጅቷን አልወቅሳትም፤ የታዘዘችውን ነው የሠራችው። ግን አስቡት። ሺህ ሰው ተሰልፎ የመረጣቸው ሽማግሌ ደብዳቤ ከአንዲት ክብ ሰማያዊ ቀለም አነሰ። ማኅተሙ ያለው አፈ ጉባኤው ቢሮ ነው። አፈ ጉባኤው ደግሞ መስክ ናቸው። በሌላ ቀን ስንመጣ ስብሰባ ናቸው። በሦስተኛው ቀን ማኅተሙ የተቆለፈበት መሳቢያ ቁልፍ የያዘችው ጸሐፊ ለቅሶ ሄዳለች። ሦስት ጉዞ ለአንድ ማኅተም! ውሎ አበል የለም፤ ጉባኤ አልተጠራማ።

ወደ ላይኛው ተወካያችን ልምጣ። ሕገ መንግሥቱ የተወካዮች ምክር ቤት ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ጀምሮ እስከ ሰኔ 30 እንዲሠራ ያዛል፤ በመሃል የአንድ ወር ዕረፍት አለ። ስለዚህ የኛን ሰው የምናገኘው ወይ በዚያች ወር ነው ወይ በክረምት። በክረምት ደግሞ የኛን መንገድ ታውቁታላችሁ፤ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። መንገዱ ሰላም ሆኖ ሲመጣ አዳራሽ ይዘጋጃል። ባነር ይሰቀላል። የታሸገ ውኃ ይደረደራል። ከፊት ወንበር የወረዳው ካቢኔ ይቀመጣል፤ እንግዲህ ስለ ካቢኔው የሚያማርር ደፋር ካለ ይነሳ! አጎቴ ተነስተው ስለ ትራንስፎርመሩ ተናገሩ። «ይዘነዋል» ተባለ። አጀንዳ ላይ ሲጻፍ በዓይኔ አይቻለሁ። በሚቀጥለው ጊዜ መጣ፤ ያው ጥያቄ፣ ያው «ይዘነዋል»፣ አዲስ አጀንዳ።

እኔም እንደ ሚኒባሱ ሰውዬ «ለጭብጨባ ነው» ስል ነበር የኖርኩት። አንድ ቀን ግን ከስብሰባው በኋላ ሽማግሌዎቹ ቤት ቡና ላይ አብረን ተቀመጥን። አቦሉ ጀባ ተባለ። አጎቴ ፊት ለፊት ጠየቁት፤ «የተከበሩ፣ ያቺ ነገራችን ምን ደረሰች?» ሰውየው ስልኩን አውጥቶ አሳየን። ያልመለሰው ጥሪ ወርዶ ወርዶ አያልቅም። «ጸሐፊ የለኝም» አለ። «ደብዳቤውን ራሴ እጽፋለሁ። ራሴ ይዤ ኮሪደር ለኮሪደር እዞራለሁ። ኮሚቴ ስብሰባ ስገባ ጉዳያችሁ ኪሴ ውስጥ ይቀራል።» እዚህ ወረዳችን ውስጥስ ቢሮ አለህ ወይ ስለው ሳቀ። ቢሮው ያ ስልክ ነው።

ወላሂ፣ ያን ቀን ንዴቴ አቅጣጫውን ቀየረ።

ደመወዙ ይጨመር አይጨመር ብለን እንነታረካለን። እሺ፣ ይጨመር እንበል። ኪሱ ይሞላል፤ ስልኩን ግን ያው እሱ ብቻውን ነው የሚያነሳው። ሲለቅ የሚያገኘው ነገርስ በሕግ ታስቦለታል፤ አዋጅ 653/2001 ከኃላፊነት የተነሱ መሪዎችና የምክር ቤት አባላት ምን ምን እንደሚያገኙ ይደነግጋል፤ በኋላም ተሻሽሏል። ለሚሄድ ሰው ይህን ያህል ተጨንቀን፣ ለሚሠራው አንድ ጸሐፊ ማሰብ እንዴት ከበደን?

በነገራችን ላይ ደመወዙን የሚወስነው ተቀባዩ ራሱ ከሆነ ጠብ አይጠፋም። ኬንያዎች በፈረንጆቹ 2010 ባወጡት ሕገ መንግሥት የደመወዝ ኮሚሽን አቋቋሙ። ኮሚሽኑ በ2013 የፓርላማ አባላቱን የወር ደመወዝ ከ851 ሺህ ወደ 532 ሺህ 500 ሽልንግ ሲያወርደው አባላቱ እንቢ አሉ። ሰልፈኛው ደግሞ አሳማ ነድቶ ናይሮቢ ፓርላማ በር ላይ አፈሰሰው። (እኛ ጋ ይህ አይሞከርም፤ ወሎ ላይ ያን ያህል አሳማ ከየት ይመጣል?) እንግሊዞች ደግሞ ከ2009ኙ የወጪ ቅሌት ወዲህ ነገሩን ሁሉ ለገለልተኛ አካል ሰጡት፤ ለጸሐፊና ለቢሮ የሚወጣው ገንዘብ ከደመወዙ ተለይቶ ይያዛል፣ ማን ምን እንዳወጣ ለሕዝብ ይለጠፋል። እኔን የገባኝ ይህኛው ነው።

አንዲት ክፍል ትሰጠን። ጠረጴዛ፣ ስልክ፣ ደብዳቤ መጻፍ የምትችል አንዲት ልጅ። የገባውን ጉዳይ በመዝገብ ትያዝ፤ አጎቴ ሲመጡ «አባባ፣ የእርስዎ ጉዳይ እዚህ ደርሷል» ትበላቸው። ለአዳራሹ ስብሰባ የሚወጣው የውኃና የአበል ብር ቢደመር የልጅቷን ደመወዝ ሳይችል አይቀርም፤ እኔ በግምቴ ነው። ለወረዳ አባላትም ቢያንስ አበላቸው በወሩ ይድረሳቸው፣ ደብዳቤያቸውም በፊርማቸው ገቢ ይሁን። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ማንሳት ይችላል ይላል። እኔ ማንሳቱ ቀርቶብኝ ማግኘት በቻልኩ!

ትራንስፎርመሩ እስካሁን አልተተካም። ባለፈው ሳምንት አጎቴ ደወሉልኝ። ከሰላምታው በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«እዚያ ደሴ ማኅተም የሚቀርፁ ልጆች አሉ አሉኝ። ስንት ያስከፍላሉ?»

«ኧረ አጎቴ፣ ያሳስርዎታል!»

«አብሽር፣ መጠየቄ ነው» ብለው ሳቁ። ከዚያ ሐሙስ ጉባኤ ተጠርቷልና ለመኪና 300 ብር ላክልኝ አሉኝ።