«አይናከስም እኮ!»

ለሐዋሳ የውሻ ባለቤቶች እስካሁን ሐውልት አልቆመላቸውም። ያሳዝናል። ከተማችን ስንት አደባባይ ይዛ፣ ጋቢውን ደርቦ ከበር ብቅ እያለ «አይዞህ፣ አይናከስም» ለሚለው ጨዋ ሰው አንድ ድንጋይ ነፈገችው።

ይቺ ቃል የምትነገረው ሁልጊዜ ውሻው ከነከሰ በኋላ ነው። ሰውየው ሱሪው ተቀዷል። ባቱ ላይ የጥርስ ቀዳዳ ተደርድሯል፣ ደሙ ካልሲው ውስጥ እየወረደ ነው። ባለቤቱ በሩን ተደግፎ ያስረዳዋል። «ኧረ አይናከስም! እዚህ ቤት ሲኖር ማንንም ነክቶ አያውቅም።» ተነካሹ ያፍራል። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው እየተባለ ያደገ ሰው ምን ይበል? ባቱ ተሳስቶ ይሆናል። ከባለቤቱ ራስ በላይ ደግሞ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ቆርቆሮ በቀይ ቀለም ተጽፎ ተሰቅሏል። ቆርቆሮው ለሌባ ነው፣ ማብራሪያው ለጎረቤት።

ከዚያ ምርመራው ይጀመራል። የሚመረመረው ውሻው እንዳይመስላችሁ። «ምን አድርገኸው ነው?» «ሮጠህ ነዋ!» «ጥቁር ጃኬት አይወድም እኮ።» «ደሞ በዚህ ሰዓት መንገድ ላይ ምን ትሠራለህ?» ሰዓቱ ሌሊት አሥራ አንድ ነው። ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ የዋለው ውሻ ማታ ይፈታል፣ በሩም ገርበብ ይላል፣ እግሩን እንዲያፍታታ። ለጠዋት ፈረቃ ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ የምትሄድ ልጅ፣ ገብርኤልን ሊሳለሙ የወጡ እናት፣ ሐይቅ ዳር ሊሮጥ የተነሳ ጎረምሳ፣ ሁሉም በዚህ ሰዓት ምን እንደሚፈልጉ መልስ ይዘው መውጣት አለባቸው። ሰፈሩ የውሻው ነው። እነሱ አላፊ አግዳሚ ናቸው።

የጎረቤቱም ርብርብ ሊደነቅ ይገባዋል። አንዷ የተፈጨ ቡና ይዛ ትሮጣለች፣ ቁስሉ ላይ ልትነሰንስ። ሌላው አረቄ ያመጣል። ሳሙና ይዞ የሚመጣ ግን የለም። ሐኪሞች እንግዲህ ነገር ማቅለል ይወዳሉ። ቁስሉን ወዲያው በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡ፣ ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ተቋም ሂዱ ይላሉ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ነው፣ አንዳንዴም ቀድሞ፣ አንዳንዴም ቆይቶ። አንዴ ከታየ ግን መዳን የለም ማለት ይቻላል። ውሻው ከተገኘም 10 ቀን ታስሮ ይጠበቃል። ባለቤቱ ለዚህ ሁሉ አንድ መልስ አለው፤ «ተከትቧል።» ካርዱስ? ካርዱ አዲስ አበባ እህቱ ጋ ነው።

ክትባቱ ለተነካሹ በአንድ መርፌ አያልቅም። በቀናት ልዩነት መመላለስ ነው። ለባጃጅ ይከፈላል፣ ከሥራ ይቀራል፣ የቀን ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ የቀረበት ቀን ደመወዝ የለውም። ይሄን ጊዜ ነው ሽማግሌዎቻችን ብቅ የሚሉት። እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጣቸው። የሲዳማ አባቶች በባህላዊ የሽምግልና ሥርዓታቸው አፊኒ ብለው ሲቀመጡ መጀመሪያ እውነቱ ይወጣል፣ ጥፋተኛውም ጥፋቱን ይሰማል። የእኛ ሰፈር ሽማግሌዎች ይሄን አድካሚ ክፍል ዘለውታል። በቀጥታ እርቁ ላይ ነው የሚያርፉት። ባለቤቱ ቤት ቡና ይፈላል፣ ፈንድሻ ይቀርባል፣ ውሻው ከጓሮ ይጮኻል። «ጎረቤት እኮ ናችሁ! ነገ ለለቅሶም ለሠርግም ትፈላለጋላችሁ።» ከዚያ ባለቤቱ ኪሱ ገብቶ 500 ብር ያወጣል። «ለመርፌ ትሁንህ። ግዴታ ኖሮብኝ አይደለም፣ ለሰውነት ብዬ ነው።» ተነካሹ እያነከሰ ተነስቶ እጅ ይነሳል። አንዳንዱማ ስላስቸገረ ይቅርታ ይጠይቃል።

እንግዲህ ይሄን የመሰለ ሥልጣኔ ለማበላሸት ሕግ የሚባል ነገር አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። እንስሳው ሳይታሰብ ቢያመልጥም፣ ጉዳቱ ይደርሳል ተብሎ ባይጠበቅም። አያችሁ ጭካኔውን? «ሰንሰለቱ ተበጥሶ ነው» አይሠራም። «ማንንም ነክቶ አያውቅም» አይሠራም። ባለቤቱ በሩን ባለመዝጋቱ ያጠፋው ጥፋት መኖሩን ማስረዳት እንኳ አያስፈልግም። ውሻው የእሱ ከሆነና ከነከሰ በቂ ነው። የሚያመልጥበት ዋናው ቀዳዳ ተነካሹ ራሱ አጥፍቶ ከሆነ ነው፣ ለምሳሌ ውሻውን በድንጋይ ሲነካካ ቆይቶ ከሆነ። ጥቁር ጃኬት መልበስ ግን እዚህ ውስጥ አይገባም። ውሻውን በአደራ ተቀብሎ የሚጠብቅ ሰውም በእጁ እያለ ለሚያደርሰው ጉዳት ይጠየቃል (ቁጥር 2072)። ክረምቱን ሙሉ የአጎቱን ውሻ የሚጠብቀው ዘመዳችን ይሄን ባያነብ ይሻለዋል።

ካሳው ደግሞ 500 ብር «ለሰውነት» አይደለም። ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት። የሕክምናው ወጪ፣ የባጃጁ ሒሳብ፣ የቀረበት ደመወዝ፣ ጉዳቱ ሠርቶ እንዳይበላ ካደረገው የወደፊቱ ጭምር። ታዲያ ይሄ ሁሉ ወረቀት ይፈልጋል። የሐኪም ማስረጃ፣ የመድኃኒት ደረሰኝ፣ የፖሊስ ቃል፣ ያዩ ምስክሮች። የእኛ ተነካሽ ደረሰኙን ከፋርማሲው በር ሳይርቅ ጥሎታል፣ ምስክሮቹም ቡናው ላይ ተቀምጠው ፈንድሻ በልተዋል። ክሱ የሚቀርብበት ጊዜ በመርህ ደረጃ ሁለት ዓመት ነው (ቁጥር 2143)። ሰውየው ይሉኝታው ለቆት ጠበቃ ጋ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ይርጋው አልፏል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄኔ ነው፣ የሚጮኸው ግን ተነካሹ ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ሕጉም አልፎ አልፎ ከእኛ ሰፈር ሽማግሌ ጋር ቡና የጠጣ ይመስላል። ሌሊት ሌሊት እየባነነ ለሚነሳ፣ ውሻ ባየ ቁጥር መንገድ ለሚያቋርጥ ሰው የሞራል ካሳ አለ። ጣሪያው በቁጥር 2116 ተቀምጧል፤ ከ1,000 ብር አይበልጥም። በ1952 ዓ.ም. ሺህ ብር ሺህ ብር ነበር። ዛሬ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቁጭ ብላችሁ፣ ከሁለት ጓደኛ ጋር ዓሣ ጥብስ አዝዛችሁ፣ ድንጋጤያችሁን አወራርዱበት። ሐይቅ ዳር የሚንጎራደዱት ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹም፣ አጥንት ይጠብቃሉ።

ባለቤቶቻችን ግን ሕጉ መምጣቱን ከሩቅ ያሸታሉ። ክስ የሚል ቃል የተነሳ ዕለት ውሻው ባለቤት አልባ ይሆናል። «የእኛ ማን አለህ? የሰፈር ውሻ እኮ ነው። ትርፍራፊ ስለምንጥልለት እዚህ ይውላል እንጂ።» ትናንት በስሙ ሲጠራ፣ ጓሮ ውስጥ ቤት ተሠርቶለት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥጋ ቤት አጥንት ሲመጣለት የነበረው ጃክ በአንድ ጀንበር ጎዳና ተዳዳሪ ሆነ። ልጆቹ ብቻ ናቸው የሚያስቸግሩት። ሽማግሌዎቹ ፊት «ጃክዬ ና!» ይላሉ።

እዚህ ላይ ነው ቁጥር 2074 የምትጥመኝ። ባለቤቱ የቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ካሳ ከመክፈል ይልቅ እንስሳውን ራሱን ለተጎጂው በባለቤትነት አስረክቦ ከኃላፊነት መዳን ይችላል ትላለች። ጉዳቱ የደረሰው በባለቤቱ ወይም እሱ በሚጠየቅበት ሰው ጥፋት ከሆነ ግን አይችልም። ስለዚህ ገርበብ ያለው በር ያስጠይቀዋል። ያም ሆኖ ሐሳቡን ውደዱት። ባታችሁን የበላው ውሻ ከነሰንሰለቱ ቤታችሁ ይመጣል።

አንድ ሽማግሌ ይሄን ሰምተው ኖሮ ባለፈው ቡና ላይ አነሱት። «ውሻው የሰፈር ነው ካልክ እንግዲህ አይቆጭህም። ለልጁ ስጠውና ነገሩ ይለቅ።» ባለቤቱ ስኒውን አስቀመጠ። «ማንን? ጃክን? ኧረ ጋሼ፣ እሱ እኮ የጀርመን ዘር ነው! ስንት ብር እንደገዛሁት ያውቃሉ?»