ምደባ የሰጠን ሥራና ጥሪ

ስለ ጥሪ ያነበብሁት አንድ ጽሑፍ ጸሐፊ፣ ወጣት ክርስቲያኖች ከእግዚአብሔር የሆነው ጥሪያቸው እስኪገለጥላቸው ድረስ በጸሎት እንዲጠብቁ መምከራቸው ከበጎ ልብ የመነጨ እንደሆነ አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ በአገራችን አብዛኛው ተማሪ የትምህርት ክፍሉን የሚያገኘው በውጤትና በምደባ ስለሆነ፣ ሕክምና ተመኝቶ ሂሳብ አያያዝ የደረሰው ምሩቅ ይህን ምክር ሲሰማ የያዘውን ሥራ እንደ ጊዜ ማሳለፊያ እንዳይቆጥረው እሰጋለሁ። ጳውሎስ በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን ይሰፋ እንደነበር በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 እናነባለን። በዘጸአት ምዕራፍ 31 የእግዚአብሔር መንፈስ እንደሞላበት የተነገረለት ባስልኤልም ካህን ሳይሆን ወርቅ፣ ብርና ናስ የሚሠራ፣ ዕንቍና እንጨት የሚቀርጽ ባለሙያ ነበር።

ታናሽ እህቴ ነርስ ናት፤ ሌሊት ተረኛ ስትሆን መንቀሳቀስ የማይችሉ ሕሙማንን ጀርባቸው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ታገላብጣለች፣ አንሶላቸውን ትለውጣለች፣ የሚያቃስቱትንም በስማቸው እየጠራች ታጽናናለች። ለዚህ የሚያጨበጭብላት ጉባኤ የለም፤ እኔ ግን አገልግሎት ነው ብዬ አምናለሁ።

በሌላ በኩል፣ አለቃው ለግብር የሚቀርብ የሐሰት መዝገብ እንዲያዘጋጅ ያዘዘው ወጣት የሂሳብ ሠራተኛ በዚያች ዕለት የሚያስፈልገው፣ እንጀራውን እንዳያጣ መፍራቱን ሳይንቅ አብሮት ቁጭ ብሎ የሚመክረው በሙያው የበሰለ አማኝ ነው። ስለዚህ የወጣቶች ጉባኤ የሚያዘጋጁ ወገኖቻችን ከሰባኪያን ጎን የሂሳብ ባለሙያውን፣ መምህሯን፣ ግንበኛውንም ጋብዘው ከወጣቶቹ ጋር ቢያወያዩልን በትሕትና እጠይቃለሁ።