የዝምታ ቀለም በካርታ ላይ

«ሕዝቡ ምን ይላል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን ከማኅበራዊ ሚዲያ የሚለቅሙ ባለሙያዎች በዝተዋል። በፌስቡክ፣ በቴሌግራምና በኤክስ የተጻፈውን በኮምፒውተር ይሰበስባሉ፤ ድጋፉን ከተቃውሞው ይለያሉ፤ ከዚያም በየቦታውና በየሳምንቱ እያቀለሙ ካርታ ላይ ያሰፍሩታል። ሥራውን አልነቅፍም። ግን የመንዝ ልጅ ነኝና እንዲህ ያለ ካርታ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ቀድሞ የሚሮጠው ወደ ሰሜን ሸዋ ነው፤ እዚያ የማገኘው ድምፅ የእኛ አይመስለኝም።

ገና ከስሙ ችግር አለ። ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን ሁለት ነው፤ በአማራ ክልል ያለው የአንዱ መቀመጫ ደብረ ብርሃን፣ በኦሮሚያ ክልል ያለው የሌላው ደግሞ ፍቼ። «ሰሜን ሸዋ ላይ ማዳበሪያ ጠፋ» ብሎ የጻፈን ሰው ኮምፒውተሩ ለየትኛው ይቆጥረዋል?

የዛሬው ኤክስ፣ የያኔው ትዊተር፣ ጸሐፊው ያለበትን ትክክለኛ ቦታ ከጽሑፉ ጋር ማያያዙን እንደሚያቆም ያስታወቀው በሰኔ 2011 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ለካርታው የሚገኘው ቦታ ሰው በገጹ ላይ የጻፈው ከተማ ነው። የእኔ ገጽ «መሐል ሜዳ» (መንዝ ያለች ከተማ) ይላል፤ አዲስ አበባ ከገባሁ ግን ዘጠኝ ዓመት አለፈኝ። ስለ ገብስ ዋጋ ስጽፍ ካርታው መንዝ ተናገረ ይላል። የተናገርኩት ግን እኔ ነኝ፤ ያውም ከአራት ኪሎ።

መንዝ ያለችው አክስቴ ባለ ቁልፍ ስልኳን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ነው የምትውለው፤ ለመደወል እንጂ ለሌላ አይሆንም። ባለፈው ክረምት ስለ ማዳበሪያው ወረፋ አንድ ሰዓት ሙሉ አጫወተችኝ፤ ማን ቀድሞ እንደወሰደ፣ ማን ባዶ ከረጢት ይዞ እንደተመለሰ፣ ሁሉንም በስም። «ይህን ለሚመለከተው ነግረሻል?» አልኳት። «ኧረ ልጄ፣ እኔን ማን ጠይቆኝ!»

ቋንቋውም ቀላል አይደለም። በጭቃ የተዋጠ መንገድ ፎቶግራፍ ሥር «ዕድሜ ለእናንተ!» ተብሎ ቢጻፍ ሸዌ የሆነ ሁሉ ምሬቱን ያውቃል። ቃል ቆጣሪው ግን ምርቃት ብሎ አረንጓዴ ይቀባዋል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የጊዜው ነገር ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያን ጊዜ ስለ ሸዋ ሌት ተቀን የጻፍነው አዲስ አበባና ውጭ አገር ያለነው ነን። የዚያን ጊዜ ካርታ ላይ ደብረ ብርሃንን፣ ሸዋ ሮቢትን፣ አጣዬን የሚሞላው ቀለም ከሩቅ የመጣ ነው። የእኛም ጭንቀት እውነት ነበር፤ ነገር ግን ሌሊቱን እዚያ ያደረው ሰው ምን እንዳሰበ አይናገርም።

እንዲህ ያለ ስሕተት አዲስ አይደለም። በ1936 እ.ኤ.አ. «ሊተራሪ ዳይጀስት» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት 10 ሚሊዮን ያህል መጠይቅ በትኖ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበና ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በምርጫው ይሸነፋል አለ። ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን አሸነፈ። መጽሔቱ አድራሻ ከለቀመባቸው መዝገቦች ውስጥ የስልክና የመኪና ባለቤቶች ይገኙበት ነበር፤ በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና ያለው ደግሞ የደላው ሰው ነው።

ካርታ ሠሪዎቻችንን የምለምነው ይህን ነው፦ ድምፅ ያልደረሰበትን ወረዳ ከሩቅ በመጣ ቀለም አትሙሉት፤ «አልሰማንም» ብላችሁ ጻፉበት። ከዚያ በገበያ ቀን መሐል ሜዳ ውረዱና ገብስ ይዘው የመጡትን እናቶች ጠይቁ፤ መልሳቸውንም ከዚያው ሳምንት ካርታ ጎን አስቀምጡት።