ከጀርመን የመጣችው መኪና

ባለፈው ወር የአክስቴ ልጅ ከፍራንክፈርት ሲመጣ እናቴ በስልክ፣ እንደ ልማዷ ጮክ ብላ፣ «ለልጄ መኪና አመጣለት!» አለች። በቃ። በማግስቱ ዳቦ ልገዛ ስወጣ ሦስት ሰው «እንኳን ደስ ያለህ» አለኝ። የእድራችን ገንዘብ ያዥ ደግሞ መንገድ ላይ አስቆሙኝ።

«ልጄን ሚያዝያ ውስጥ ልድራት ነው። መኪናህ ለሙሽሮቹ ትሆን ይሆን? ስንት ሰው ትይዛለች?»

«ሁለት» አልኳቸው። አልዋሸሁም።

«ለሙሽራና ለሙሽሪት ይበቃል!»

መኪናዋ መርሴዲስ 300 ኤስኤልአር ናት። ርዝመቷ 10 ሳንቲ ሜትር። እውነተኛዋ በ43 እጥፍ ትበልጣለች። ለምን 43 እንጂ ድፍን 40 አልሆነም? ልኩ የመጣው ከመጫወቻ ባቡር ነው፤ መኪናዎቹ ከሐዲዱ አጠገብ እንዲመጣጠኑ ተብሎ። ይህን ማንም አልጠየቀኝም፤ ግን ቤቴ የመጣ ሰው ሁሉ ሰምቶ ነው የሚሄደው።

ጎኗ ላይ 722 ተጽፏል። በ1955 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ስተርሊንግ ሞስ ሚሌ ሚሊያ የሚባለውን የጣሊያን ውድድር ያሸነፈባት ናት። ከብሬሻ ተነስቶ፣ ሮም ደርሶ፣ ብሬሻ ተመለሰ። 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ በ10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ! አዲስ አበባ ጎንደር ደርሶ መልስ በሉት፤ ያውም ምራቂ አለው። አጠገቡ የተቀመጠው ጋዜጠኛ ዴኒስ ጄንኪንሰን የመንገዱን መታጠፊያ ሁሉ 5 ሜትር በሚያህል ወረቀት ጽፎ፣ እንደ ክታብ ጠቅልሎ ይዟል። ሞተሩ ስለሚጮህ ለሞስ በእጁ ምልክት ይሰጠዋል። በኛ ቋንቋ ወያላ ማለት ነው። 722 የተነሱበት ሰዓት ነው፣ ከጠዋቱ 7፡22። በኛ አቆጣጠር ቢሆን ኖሮ 122 ተብላ ትቀር ነበር።

መኪናዎቼ የሚቆሙት ሳሎን፣ ቡፌው ውስጥ ነው። ላይኛው መደርደሪያ የባለቤቴ ነው። በሠርጋችን የተሰጡን 24 ብርጭቆዎች አሉበት። ከተጋባን 11 ዓመታችን ነው፤ እስካሁን ውኃ እንኳ አልተጠጣባቸውም። «ለእንግዳ ነው» ትላለች። የትኛው እንግዳ እንደሆነ አይታወቅም። እኔ ግን «በማትነዳው መኪና ምን ትሠራለህ?» እባላለሁ። ከብዙ ሽምግልና በኋላ የታችኛው መደርደሪያ ለኔ ተፈቀደ።

አማቴ እዚያ ካሉት ሁሉ የሚወዱት ታይረል ፒ34 የሚባለውን የውድድር መኪና ነው። ፊት አራት ትንንሽ፣ ኋላ ሁለት ትልልቅ ጎማ አለው። በ1976 እ.ኤ.አ. የስዊድን ግራንድ ፕሪን አሸንፏል። አማቴ ጎማዎቹን ቆጠሩና «ይቺማ ሲኖ ትራክ ናት፤ አሸዋ ታመላልስልሃለች» አሉኝ።

እሁድ ዕለት ገንዘብ ያዡ መኪናዋን ሊያዩ መጡ። ቡና ተፈልቷል፤ የአክስቴ ልጅም አለ። ግቢውን በዓይናቸው ፈለጉ። ቡፌውን ከፍቼ 722ን መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። ገለበጧት። ሆዷን አዩ።

«እዚህ ላይ ነው አበባ የምናስረው?» አሉ በመጨረሻ።

ዝም አልኩ።

«ለመሆኑ ስንት ወጣባት?»

የ300 ኤስኤልአር ዘር የሆነች ጣሪያ ያላት መኪና በ2022 እ.ኤ.አ. 135 ሚሊዮን ዩሮ እንደተሸጠች ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ይህን ለባለቤቴም ደጋግሜ እነግራታለሁ፤ ስንት እንዳተረፍንላት እንድታውቅ። የአክስቴ ልጅ ግን ቀደመኝ።

«70 ዩሮ» አለ፣ ፈንዲሻውን እየዘገነ።

ባለቤቴ ጀበናውን እንደያዘች ቀረች። እኔ የነገርኳት 15 ነው።

ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ ስድስት ብርጭቆዎች አንድ መደርደሪያ ወርደው ጠበቁኝ። ታይረሉ ጥግ ላይ በጎኑ ተኝቷል። 722ን አልጋው ሥር፣ ጫማ ካርቶን ውስጥ አገኘኋት።