የስትሮክ ታማሚን ተከሳሽ ያደረገ የጤና ትምህርት

ሰው በስትሮክ ተመትቶ ሆስፒታል ሲተኛ፣ ጠያቂው ገና አልጋው ጋ ሳይደርስ ኮሪደሩ ላይ የሚነገረው ይታወቃል። «ድሮም ጨው ያበዛ ነበር»፣ «ታከም ብለነው እንቢ ብሎ ነው»፣ «ሐሳብ አብዝታ ነው፤ ተዪው ብንላት አልሰማ አለች»። ታማሚው አንደበቱ ተይዞ መልስ ባይሰጥም፣ ብዙ ጊዜ የሚባለውን ይሰማል፤ ይገባዋልም። ዘመድ ይህን ፍርድ ከየትም አላመጣውም። በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ለዓመታት የተማረው ነው፤ ስትሮክ በእጅህ ነው፣ ራስህን ብትጠብቅ አይነካህም እየተባለ።

የዚህ ትምህርት ዋና መደገፊያ አንድ ቁጥር ነው፤ ከመቶ ዘጠና የሚሆነውን ስትሮክ መከላከል ይቻላል የሚለው። ቁጥሩ የተገኘው ኢንተርስትሮክ ከተባለ ትልቅ ጥናት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ውጤት በ32 አገሮች ወደ 27 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ያካተተ ነበር። ጥናቱ ዐሥር ነገሮችን ለይቷል፤ የደም ግፊት፣ የእንቅስቃሴ ማነስ፣ የደም ቅባት፣ አመጋገብ፣ የሆድ ውፍረት፣ ጭንቀትና የኑሮ ውጥረት፣ ሲጋራ፣ የልብ ሕመም፣ አልኮልና የስኳር በሽታ። ስሌቱ የሚለው፣ እነዚህ ሁሉ ከአንድ ሕዝብ መካከል ጨርሰው ቢጠፉ ስትሮክ በዘጠና በመቶ ገደማ ይቀንስ ነበር ነው። የተነገረው ስለ ሕዝብ ነው። ከመቶ ታማሚዎች ዘጠናው በራሳቸው ጥፋት ታመሙ የሚል ቃል በውስጡ የለም።

ዝርዝሩንም እንደገና ብናነበው የልብ ሕመም አለበት፤ ጭንቀት አለበት። ልቡን መርጦ የታመመ ሰው ማን ነው? የቤት ኪራይ በየጊዜው የሚጨመርባት፣ ልጇ በጦርነት ቀጠና የቀረባት እናት «ጭንቀትን ያስወግዱ» ተብላ ምን ታድርግ?

በአገራችን ይህ ጉዳይ ይበልጥ የሚከብድበት ምክንያት አለ። ገና በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያሉ ሰዎች በስትሮክ ሲመቱ፣ በተደጋጋሚ ከሚገኙት ምክንያቶች አንዱ በልጅነት የተጎዳ የልብ በር ነው። ሕፃኗ ጉሮሮዋን ታመመች፤ ቶንሲል ነው ተብሎ በቤት ውስጥ ታለፈ። ተሐዋስያኑን ሊዋጋ የተነሣው የሰውነቷ መከላከያ በስሕተት የልቧን በሮች አጠቃ። በሩ ከዓመት ወደ ዓመት እየጠበበ፣ የልቧ ግራ ክፍል እየተለጠጠ፣ ምቱ እየተዛባ ሄደ፤ እዚያ የረጋ ደም አንድ ቀን ተነሥቶ ወደ አንጎሏ ሄደ። ይህን ሁሉ በጊዜው ሊያስቀር ይችል የነበረው ፔኒሲሊን ነው፤ ርካሽና አሮጌ መድኃኒት። ይህች ሴት ጨው አላበዛችም፤ ሲጋራም አላጨሰች። ሆኖም ዘመዶቿ ግድግዳው ላይ የሚያነቡት ሥዕል ስለ ጨውና ስለ ሲጋራ ነውና፣ ጥፋቱን እርሷ ላይ ይፈልጋሉ።

የስትሮክ ዋነኛ መንሥኤ ወደ ሆነው ወደ ደም ግፊት እንምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከ30 እስከ 79 ዓመት ከሆናቸው ሰዎች 1.3 ቢሊዮን ያህሉ የደም ግፊት ነበረባቸው፤ ከእነዚህም 46 በመቶው መታመማቸውን አያውቁም ነበር። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገው አገር አቀፍ ዳሰሳ ከጎልማሶች 16 በመቶ ገደማ ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ሲገኝ፣ እጅግ የሚበዙት ሕክምና ላይ አልነበሩም። ደም ግፊት አያሳክክም፤ አያስነጥስም። ሕመሙን የሚያሳውቅ መሣሪያው ብቻ ነው፤ መሣሪያው ደግሞ ሰው ወዳለበት አልሄደም። ሰውየው ያልተለካው ቸልተኛ ስለሆነ ነው ወይስ የሚለካው ሰው ስላላገኘ?

ተለክቶ መድኃኒት የተጀመረለትም ቢሆን መንገዱ ቀና አይደለም። ወር በደረሰ ቁጥር ወረፋ አለ። ካርድ አውጥቶ፣ ሐኪም አይቶ፣ ፋርማሲው መስኮት ላይ ሲደርስ «የለም፣ ከውጭ ግዛ» ይባላል፤ የጤና መድን አባል ሆኖ ዓመታዊ መዋጮውን የከፈለውም ሰው ይህ ይደርስበታል። ከውጭ የሚገዛበት የለውም፤ ሕመም ደግሞ አይሰማውም፤ ይቆያል። ከወራት በኋላ በስትሮክ ተመትቶ ሲመጣ መዝገቡ ላይ «መድኃኒት ያቋረጠ» ተብሎ ይጻፋል። ስለ ባዶው መደርደሪያ የተጻፈ ነገር በመዝገቡ ላይ የለም። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስቆጣኝ ይህ ነው፤ ለአቅርቦት ጉድለት ተጠያቂው መድኃኒቱን ያጣው ሰው መደረጉ።

አመጋገቡም እንዲሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል። ተፈጭቶ በሚሸጠው በርበሬና ሽሮ፣ በዳቦው፣ በምሳ ቤቱ ወጥ ውስጥ ስንት ግራም እንዳለ ግን ለበላተኛው የነገረው የለም። ለደሃው ገበታ በቅናሽ የሚታደለው ደግሞ ለዓመታት የሚረጋው ዘይት ነበር። የማገዶና የከሰል ጭስም ለስትሮክ ያጋልጣል፤ እናቶች ዕድሜ ልካቸውን የሚተነፍሱት እርሱን ነው። መንገድን ለአንድ እሑድ ጠዋት ከመኪና ነጻ አድርጎ ሕዝቡን ማንቀሳቀስ ደግ ሥራ ነው፤ በሌሎቹ ቀናት የሚኬድበት የእግረኛ መንገድ ለሌለው ሰፈር ግን «ሰነፍ ናችሁ» እያሉ መስበክ አይገባም።

አንዳንድ ባለሙያዎች፣ ብዙዎቹም በቅንነት፣ «ሰውን ካላስፈራነው አይጠነቀቅም፤ ጥፋት የለብህም ካልነው ይዘናጋል» ይላሉ። ስጋታቸው ይገባኛል፤ ሲጋራ ማቆም፣ መንቀሳቀስ፣ መጠጥ መቀነስ በእርግጥ ይጠቅማሉ፤ መነገርም አለባቸው። ነገር ግን ስትሮክን በሕዝብ ደረጃ የቀነሱ አገሮች ያደረጉትን እንመልከት። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ ከምግብ አምራቾች ጋር እየተስማማች በዳቦና በሌሎች ምግቦች ውስጥ ያለውን ጨው ቀስ በቀስ አስቀነሰች፤ የሕዝቡ የጨው ፍጆታና የደም ግፊት ወረደ። ፊንላንድ በሰሜን ካሬሊያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1972 የጀመረችው ሥራ የወተት አምራቹን፣ ባለሱቁንና ጤና ጣቢያውን ሁሉ ያሰለፈ ነበር። እኛም ብንፈልግ እንችላለን፤ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ፣ ጠጪውን ከመገሠጽ ይልቅ ሻጩን ገድቧል።

ወቀሳው ደግሞ ያለ ዋጋ አይቀርም። ከስትሮክ ከተረፉ ሰዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ በድባቴ ይያዛሉ። ድባቴ የያዘው ሰው እጁን ለማንቀሳቀስ የሚያስፈልገውን አድካሚ ልምምድ ይተዋል፤ መድኃኒቱን ይተዋል፤ ሁለተኛው ስትሮክ የሚመጣውም በዚህ በኩል ነው። «ቤተሰቤን ሸክም ውስጥ የከተትኩ እኔ ነኝ» ብሎ የሚያምን አባት፣ ለፊዚዮቴራፒ የትራንስፖርት ገንዘብ ስጡኝ ብሎ ለመጠየቅ ያፍራል።

የዓለም የስትሮክ ቀን በየዓመቱ ኦክቶበር 29፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 19 ገደማ ይውላል። ለዚያ ቀን ፖስተር የሚያዘጋጁ የጤና ሚኒስቴርና የክልል ጤና ቢሮ ባለሙያዎች ወፍራሙን ሰውና የጨውን ዕቃ ከሥዕሉ ያውጡልን። በምትኩ ፊት ሲጣመም፣ አንድ እጅ ሲዝል፣ ንግግር ሲኮላተፍ ሰዓቱን መዝግቦ ወዲያው መሮጥ እንደሚያስፈልግ ይጻፍ፤ በደም መርጋት ለሚመጣው ስትሮክ የረጋውን የሚያሟሟ መድኃኒት የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነውና። በከተማው ሲቲ ስካን ሌሊትም የሚሠራበት ሆስፒታል የትኛው እንደሆነ በስም ይጻፍ። የደም ግፊት በነጻ የሚለካበት ቦታና ቀን ይጻፍ። የግፊት መድኃኒት ከጤና ጣቢያ ፋርማሲ ሲጠፋም ሰው ለማን ደውሎ አቤት እንደሚል፣ ከነስልክ ቁጥሩ።