«ውሻው የት አለ?»

ባለፈው ዓመት ክረምት መውጫ ላይ የጎረቤታችን ልጅ በውሻ ተነከሰ። ሰባት ዓመቱ ነው። ዳቦ ገዝቶ ሲመለስ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያዘው። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ድንጋይ ያነሳ አለ፣ አጣና ያነሳ አለ። አምስት ደቂቃ አልሞላም፣ ውሻው ሞተ። ሁለት ጎረምሶች በማዳበሪያ ከተው ወደ አዌቱ ወንዝ ወሰዱት። እኔም ቆሜ አይቻለሁ። አልከለከልኩም። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር።

እናትየዋ የልጁን እግር ይዛ ቁስሉ ላይ የተፈጨ ቡና ነሰነሰችበት። ጅማ ነን፤ ቡና የማያድነው ነገር የለም ብለን እናምናለን። ከዚያ በባጃጅ ሐኪም ዘንድ ተኬደ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ አልቋል ተባለ። ሌላ ቦታ ተኬደ። እዚያም የለም። ሲመሽ የእናትየዋ ዘመድ የሆነ ወጣት የእንስሳት ሐኪም ደወለ። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ስለ ልጁ ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ የመጀመሪያ ጥያቄው «ውሻው የት አለ?» ሆነ።

«ገደልነው» አልኩት፣ የምሥራች እንደሚናገር ሰው።

ዝም አለ። ቆየት ብሎ «ጭንቅላቱስ?» አለኝ።

ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። አንድ ውሻ በነከሰበት ሰዓት የእብድ ውሻ በሽታውን በምራቁ የሚያስተላልፍ ከነበረ፣ በ10 ቀን ውስጥ ምልክቱ ይወጣበታል ወይም ይሞታል። 10 ቀን ታስሮ በሐኪም ዓይን ስር ቆይቶ ጤነኛ ከሆነ፣ ልጁ ከዚያ ንክሻ አልተያዘም ማለት ነው። ልጁ ክትባቱን በጊዜ ይጀምራል፣ ውሻው ደህና ሆኖ ከተገኘ ያቆማል። ውሻው ቢሞት እንኳ ጭንቅላቱ በበረዶ ተይዞ ላቦራቶሪ ከደረሰ አእምሮው ይመረመራል። እኛ ግን ብቸኛውን ምስክር በድንጋይ ገድለን ወንዝ ውስጥ ጣልነው። «ደመ ከልብ» የሚለውን ቃል ሁልጊዜ ስለ ሰው ነበር የምሰማው። ያን ቀን ትርጉሙን በቀጥታ አየሁት።

ቡናውም ስህተት ነበር። የውሻ ንክሻ የሚፈልገው ውሃና ሳሙና ነው፤ በሚወርድ ውሃ፣ 15 ደቂቃ ሙሉ። 15 ደቂቃ ሲባል ቀላል ይመስላል። እስቲ ሰዓት ይዛችሁ ሞክሩት። የሚያለቅስ ልጅ እግር ይዞ 15 ደቂቃ ማጠብ ዘላለም ነው። ግን ቫይረሱ ነርቭ ሳያገኝ የሚታጠብበት ጊዜ ያ ብቻ ነው።

ልጁ ክትባቱን በማግስቱ አገኘ። በተለያየ ቀን የሚሰጡትን መርፌዎች ጨረሰ። ዛሬ ደህና ነው፣ ኳሱን ግቢያችን ውስጥ ይጥላል። እናቱ ግን ወራት ሙሉ አልተኛችም። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ተደብቆ ይቆያል፤ ዓመት የሚቆይበትም አለ። ምልክቱ ከወጣ በኋላ ደግሞ መድኃኒት የለውም። የታመመ ሰው ውሃ ይፈራል ሲባል ሰምታለች። ስለዚህ ልጁ ውሃ ሲጠጣ ቆማ ታየዋለች። እስኪውጥ ድረስ። በየቀኑ።

እንግዲህ ያንን ሁሉ ነገር ያስቀር የነበረው ምንድን ነው? ለውሻው በዓመት አንድ ጊዜ የሚሰጥ አንድ መርፌ። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ ይሞታል ብሎ ይገምታል። ወደ ሰው ከሚተላለፈው 99 በመቶው ከውሻ ነው። አብዷል ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት 100 ሰዎች 40ዎቹ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ልጅ ደግሞ ተነክሶ ላይናገር ይችላል፤ ቁጣ ይፈራል።

ጅማ እንስሳ የማታከብር ከተማ አይደለችም። ጅሬን ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥታቸው ቆሞ የምናየው አባ ጅፋር የሚታወቁት በፈረስ ስም ነው። ቴዎድሮስን «አባ ታጠቅ»፣ ምኒልክን «አባ ዳኘው» እንደምንለው ማለት ነው። ንጉሥ በፈረሱ ስም በሚጠራበት አገር ከብትም ክብር አለው። ላም ስትታመም ቤተሰቡ ይጨነቃል፣ በሬ ገንዲ ከያዘው ብድርም ቢሆን ተወስዶ ይታከማል። ውሻ ጋ ሲደርስ ግን ክብሩ ያበቃል። ሌሊቱን ሙሉ ከጅብ ሲጮኽ ያድራል፣ ጠዋት ድንጋይ ይወረወርበታል።

እኔም ከዚህ የተለየሁ አልነበርኩም። ቡቺ የሚባል የአበሻ ውሻ አለኝ። አራት ዓመቱ ነው። አንድም ቀን ሐኪም አይቶት አያውቅም ነበር። ልጁ ከተነከሰ ከሁለት ሳምንት በኋላ ገመድ አሰርኩለትና ወጣን።

የመጀመሪያው ባጃጅ «ውሻ አልጭንም» አለኝ። ሁለተኛው መልስም አልሰጠኝም። ሦስተኛው እጥፍ ጠየቀ፣ ከፈልኩ። እንስሳት ክሊኒኩ ስንደርስ ከፊታችን ጡቷ ያበጠ ላም፣ አንድ የሚያነክስ የጋሪ ፈረስ፣ እና በዘንቢል የመጣች አንገቷ የተጠማዘዘ ዶሮ ነበሩ። ሐኪሙ ዶሮዋን ከሩቅ አይቶ «ፈንግል» አለ፣ ባለቤትየዋንም ሌሎቹን ዶሮዎች ለይታ እንደሆነ ጠየቃት። አልለየችም። ቡቺን ሲያይ ግን ፈገግ አለ። «ውሻ ሲመጣ ደስ ይለኛል» አለኝ። «ብዙ ጊዜ ወደዚህ የሚመጣው ውሻው ሳይሆን የተነከሰው ሰው ነው።» ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼው ነው።

ፋሻ በአፉ ዙሪያ ጠምጥሞ ከጆሮው ኋላ አሰረለት። መርፌው ትከሻው ላይ ቆዳው ስር ገባ። ቡቺ ድምፁን አላሰማም። ዓይኔን የጨፈንኩት እኔ ነኝ። የክትባቱ ዋጋ ለባጃጁ ከከፈልኩት ያነሰ ነበር። ይሄን ለጎረቤቶቼ ስነግራቸው እስከ ዛሬ አያምኑኝም።

መርፌው ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ጥያቄው ግን ሃያ ደቂቃ ፈጀ።

«ምን ያበሉታል?»

«የተረፈውን።»

«የተረፈው ምንድን ነው?»

ወጥ ነዋ! ሌላ ምን ይሆናል? ሐኪሙ አንገቱን ነቀነቀ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፤ ቢበስሉም ያው ናቸው። የእኛ ወጥ ደግሞ ግማሹ ሽንኩርት ነው። የበሰለ የዶሮ አጥንት ይሰነጠቃል፣ ስለቱ አንጀት ይበሳል። ቡናም መርዝ ነው፤ ፍሬውም አተላውም። (የጅማ ውሻ ቡና በየደጁ ተሰጥቶ ያያል። እስካሁን ቡቺ ከእኛ የተሻለ ራሱን ገዝቷል።) አንድ ጊዜ ሲያነክስ ፓራሲታሞል እንደሰጠሁት ስናዘዝ፣ «ድመት ቢሆን ኖሮ አንዷ ክኒን ልትገድላት ትችል ነበር» አለኝ። የድመት ጉበት ያንን መድኃኒት ማስወገድ አይችልም። ለሰው ትንሽ የሆነ ነገር ለእንስሳ ትንሽ ነው ማለት አይደለም። ገበያ ላይ ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ገዝቶ ላሙን ራሱ የሚወጋ ሰውም ይህንኑ ቢሰማ ጥሩ ነው። የዚያች ላም ወተት እኮ ወደ ልጆች ነው የሚሄደው።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የሳንባው ጥያቄ ነው። «በዓል ላይ በግ ስታርዱ ሳንባና ጉበቱን የት ትጥላላችሁ?» አለኝ። ለውሻው ነዋ። «ውሃ የቋጠረ እባጭ ያለበትንም?» በተለይ እሱን። እኛ አንበላውም፤ የሚጣለው ለውሻው ነው። እዚህ ላይ ወረቀት አውጥቶ ሳለልኝ። እባጩ ውስጥ ያለው የትል እጭ ነው። ውሻው ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ትል ይሆናል። ትሏ ጥቂት ሚሊ ሜትር ናት፤ ውሻውን ብዙም አታሳምመውም። እንቁላሏ ግን ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ሣሩ ላይ ይወድቃል፣ ፀጉሩ ላይ ይጣበቃል። በግ ሣሩን ይበላል። ልጅ ውሻውን ደባብሶ እጁን ሳይታጠብ ዳቦ ይበላል። ከዓመታት በኋላ ያ እባጭ ሰው ጉበት ውስጥ ተገኝቶ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። እንግዲህ እኛ በየበዓሉ፣ በገዛ እጃችን፣ ለውሻው እንደ ስጦታ ነው የምንሰጠው። መፍትሔው ጉድጓድ ነው። ውሻ የማይቆፍረው ጥልቅ ጉድጓድ፤ ወይም በደንብ መቀቀል። ለውሻው ደግሞ በየጊዜው የትል መድኃኒት።

ልወጣ ስል «አንተስ ለእብድ ውሻ በሽታ ተከትበሃል?» አልኩት። ሳቀ። ሳቁ አልጣመኝም። የእንስሳት ሐኪሞች አስቀድመው መከተብ አለባቸው ከሚባሉት የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ያበደ ውሻ የነከሳት ላም አንዳንዴ የታነቀች ትመስላለች። ምራቋ ይዝረበረባል፣ መዋጥ ያቅታታል። ገበሬውም ሐኪሙም አጥንት ወይም ድንች የተሰነቀረባት መስሏቸው እጃቸውን ጉሮሮዋ ውስጥ ይከታሉ። ያን እጅ የሚጠብቅ መርፌ መስጠት የሐኪሙ ቀጣሪ ግዴታ ነው። በየቦታው እንዲህ የሚስቁ ስንት እንደሆኑ እግዚአብሔር ይወቅ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ውሻ በዛ ሲባል በብዙ ከተሞቻችን የሚታሰበው መርዝ ነው። ሥጋ ውስጥ ስትሪክኒን ተደርጎ ሌሊት ይጣላል፣ ጠዋት መንገዱ በሬሳ ይሞላል። ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ ያዩታል። ሬሳውን የበላ ጥንብ አንሳም ይሞታል። በሽታው ግን አይጠፋም። የሞተው ውሻ ቦታ ባዶ አይሆንም፤ ከጎን ሰፈር ሌላ ይመጣል፣ የቀሩት ይወልዳሉ። መርዙ የተከተበና ያልተከተበ አይለይም። አንድ ሰፈር ውስጥ ካሉት 10 ውሾች 7ቱ ከተከተቡ በሽታው የሚተላለፍበት ሰንሰለት ይበጠሳል። ከተከተቡት 7 ውሾች 4ቱን በመርዝ ብትገድል፣ ለበሽታው በር የከፈትክለት አንተ ነህ።

«ባለቤት የላቸውም እኮ» ይባላል። ያ የገደልነው ውሻ ባለቤት ነበረው። በዚያው ማታ፣ ከሐኪሙ ጋር በስልክ ካወራሁ በኋላ፣ ከላይ ያለው የሕንፃ ግንባታ ዘበኛ በራችንን አንኳኳ። ካፖርቱን ለብሷል፣ ባትሪ ይዟል። «ጋሼ፣ ውሻዬን አላያችሁትም?» አለኝ። ለሁለተኛ ጊዜ ያው ጥያቄ። ነገርኩት። መሬት መሬት አየ። ባለፉት ቀናት ታሞ ነበር ወይ፣ ይበላ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ደህና ነበር አለ፤ ግን ዛሬ ልጆች ድንጋይ ሲወረውሩበት አይቻለሁ አለኝ። ክትባትስ? «ለውሻ?» አለ። ጠዋት እሱን ፈልገን አግኝተን ቢሆን ኖሮ ግማሹን ጭንቀት ባልተጨነቅን። አብዛኞቹ መንገድ ላይ የምናያቸው ውሾች እንዲህ ናቸው። የሚያበላቸው ዘበኛ፣ ልኳንዳ ወይም ግቢ አላቸው።

ሰፈራችን ውስጥ ውሻ መንካት የማይፈልግ ብዙ ሰው አለ። በሃይማኖቱ ምክንያት ነው፣ ይከበራል። ጎረቤታችን ሐጂ ውሻቸውን ከአጥር ውጭ ነው የሚያኖሩት። ስለ ክትባቱ ሳወራቸው ግን እሳቸው ናቸው ያስረዱኝ፤ የተጠማ ውሻ አይቶ ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣውን፣ በዚያም አላህ የማረውን ሰው ታሪክ። «መንካት ሌላ፣ ማዘን ሌላ» አሉኝ። ገመዱን ልጃቸው ይዞ ቢመጣ ችግር የላቸውም።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ጅማ ውስጥ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ አለ። መርፌ መውጋት መለማመድ ያለባቸው ተማሪዎች አሉ። መርፌ የሚያስፈልጋቸው ውሾች አሉ። በመካከላቸው ያለው ርቀት የባጃጅ መንገድ ነው፣ ባጃጁ ደግሞ አይጭንም። እንግዲያው ሐኪሙ ወደ ቀበሌው ይምጣ። የእብድ ውሻ በሽታ ቀን በዓለም ላይ የሚከበረው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28፣ ሉዊ ፓስተር በ1895 በሞተበት ዕለት ነው። በእኛ አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 18፣ የመስቀል ማግስት። ሰው ቤቱ ያለበት፣ ውሻው ጠግቦ የተኛበት ቀን። በየቀበሌው አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የበረዶ ሳጥን፣ የተከተበ ውሻ አንገት ላይ የሚታሰር ባለ ቀለም ጨርቅ። ጨርቁ ትልቅ ነገር ነው፤ ድንጋይ ያነሳ ሰው እጁን እንዲያቆም ያደርገዋል።

ይሄ ሕልም ነው የሚለኝ ካለ፣ የእንስሳት ሐኪሞች ከዚህ የከበደ ሠርተዋል። በእኛ አቆጣጠር በ1880ዎቹ መጀመሪያ፣ አያቶቻችን «ክፉ ቀን» ባሉት ዘመን፣ የደስታ በሽታ የአገሩን ከብት ፈጅቶ ሰዉን በረሃብ ጨረሰው። ያ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከምድር ላይ ጠፍቷል ተብሎ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሰው ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ እሱ ነው። በመርፌ ነው የጠፋው፤ ከብቱ ወዳለበት በእግሩ በሄደ ክትባት። ዛሬ የሰፈሬ ልጆች ስሙን አያውቁትም፣ «ደስታ» ስላቸው ይስቃሉ።

የቡቺ ካርድ ኮሜዲኖዬ ላይ ነው። ቀጣዩ ክትባት መስከረም ላይ ይደርሳል። ዘበኛው አዲስ ቡችላ አምጥቷል። ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው አብረን እንወስዳቸዋለን ተባብለናል። እጥፉን ለሁለት እንካፈላለን።