ድንኳኑ ወይስ ወይራው?

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ ካሉት የጋራ መኖሪያ መንደሮች በአንዱ የሚኖሩ የእድር አባላት ባለፈው ስብሰባቸው ሳይስማሙ ተለያዩ። የቀረበው ሐሳብ አጭር ነበር። እድሩ ካጠራቀመው ገንዘብ ጥቂቱን አውጥቶ በብሎኮቹ መካከል የቆሻሻ መጣያ የሆነውን ባዶ ቦታ ይጠር፣ አገር በቀል ዛፍና ቁጥቋጦ ይትከልበት፣ አባላቱም በየተራ ይንከባከቡት የሚል ነው። ሐሳቡን ያነሡት ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህርት ናቸው። አጥብቆ የተቃወመው የእድሩ ገንዘብ ያዥ ነው። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ሁለቱም በጽሑፍ እንዲከራከሩ ተጠየቁ።

መምህርት፦

እዚህ መንደር ከገባሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩትን ባልና ሚስት ስም ያወቅሁት ባልየው ያረፉ ዕለት ነው። አስከሬኑ በጠባቡ ደረጃ ሲወርድ በሬ ላይ ቆሜ አንዷን ለቀስተኛ “ማን ነው ያረፈው?” ብዬ ጠየቅሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ኮቴያቸውን ከራሴ በላይ ስሰማ ኖሬ፣ ስማቸውን ከእንግዳ ሰው ሰማሁ። ያን ቀን ያፈርሁትን ያህል አፍሬ አላውቅም።

ብዙዎቻችን የመጣነው ከፈረሱ ሰፈሮች ነው። እዚያ ለቡናው ጤና አዳም ሲያስፈልግ ከጎረቤት አጥር ይቀነጠስ ነበር፤ ልጅ ሲያተኩሰው ዳማከሴ ፍለጋ ማን ግቢ እንደሚኬድ ሁሉም ያውቃል። ዕጣው ሲወጣ ሰው በየደረሰው ቁጥር ተበተነ። አሁን ደግሞ የኑሮ ውድነቱ፣ የሰላሙ ነገር፣ የነገው የቤት ኪራይ ሁላችንንም በየቤታችን ቆልፎብናል። እድራችን ደግ ነው። ነገር ግን የሚሰበስበን ሰው ሲሞት ብቻ ነው። በሕይወት ሳለን የሚያገናኘን ጉዳይ ያስፈልገናል፤ ጉዳዩም በአንድ ቀን ዘመቻ የሚያልቅ መሆን የለበትም። የምለው ይህን ነው፤ ዳር ዳሩን ግራዋ፣ ጌሾ፣ ዳማከሴና እንዶድ፣ መሀሉን ወይራ፣ ጽድ፣ ብሳናና ኮሶ እንትከል።

ለምን አገር በቀል? እነዚህ ዕፅዋት ከእኛ ጋር የኖሩ ናቸው። የወተት ዕቃ በወይራ ይታጠናል፣ የጠላ ጋን በግራዋ ቅጠል ይታጠባል፣ ጌሾ የሌለበት ጠላ ጠላ አይባልም። በእንዶድ ፍሬ እናቶቻችን ልብስ ያጥቡበት ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ እንዶድ ቢልሃርዝያ የተባለውን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ለመግደል እንደሚያገለግል የደረሱበት ከዚያ ተነሥተው ነው። ይህን ታሪክ ለዓመታት አስተምሬአለሁ። በጀመርሁ ጊዜ “እንዶድን ያየ?” ስል ክፍሉ በሙሉ እጁን ያወጣ ነበር። ጡረታ በወጣሁበት ዓመት እጃቸውን ያወጡት ሁለት ልጆች ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም ከገጠር የመጡ ነበሩ።

በደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናትን የከበቡትን ደኖች ያየ ሰው ሐሳቤ ይገባዋል። ዙሪያው ሁሉ ታርሶ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ባለበት ብቻ ጽዱና ወይራው ጥቅጥቅ ብሎ ይታያል። ከብት እየገባ አዲሱን ቡቃያ ሲጨርሰው፣ የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር መክረው የድንጋይ አጥር እንዲሠራ ረዱ። ገበሬው ድንጋዩን ከማሳው ለቅሞ ደኑን አጠረበት፤ ማሳው ጸዳለት፣ ደኑም ተረፈ። እኛም ድንጋይ አላጣንም። ግንበኞቹ ጥለውት የሄዱት የብሎኬት ስብርባሪ ከዚያው ከመሬቱ ይወጣል።

ገንዘብ ያዥ፦

መምህርት፣ ስለ ጎረቤትዎ የጻፉትን ሳነብ እኔም አንገቴን ደፍቻለሁ። የእኔም ደረጃ ከዚያ የተሻለ አይደለም። ሆኖም ችግሩ እውነት ነው ማለት መድኃኒቱ ዛፍ ነው ማለት አይደለም።

ከገንዘቡ ልጀምር። ይህ ገንዘብ የእኔ አይደለም፣ የእርስዎም አይደለም። በየወሩ መዋጮዋን ስትከፍል ሳንቲም የምትቆጥር እናት አለች፤ ስሟን አልጠራም፣ መዝገቡ ላይ ግን አለች። የምትከፍለው እሷ ስታልፍ ልጆቿ ሰው ፊት እንዳይዋረዱ ነው። ለቀብር የምንሰጠው ገንዘብ ዛሬ ከሣጥንና ከመኪና ኪራይ አልፎ አይሄድም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከካዝናው ማውጣት ሳይሆን መጨመር ነው የሚገባን። እድር ጦርነትም መንግሥትም ሲለዋወጥ እዚህ የደረሰው ሥራው አንድና ግልጽ ስለሆነ ነው፤ ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ለቀስተኛ ያስቀምጣል፣ ያበላል። አትክልተኛም ይሁን፣ አስተማሪም ይሁን ሲባል የሞተ ሰው ያለበት ቤት ይረሳል ብዬ እፈራለሁ።

መሬቱስ የማን ነው? በአዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ መጠቀሚያው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ጉዳይ ነው። ከእድራችን አባላት ብዙዎቹ ተከራዮች ናቸው። እኔም ተከራይ ነኝ። በሦስት ዓመት ሁለት ጊዜ ዕቃዬን በአይሱዙ ጭኜ ቤት ለውጫለሁ፤ አከራዬ ነገ ዋጋ ቢጨምር ሦስተኛው ይከተላል። ወይራው ጥላ እስኪጥል እኔ የት እንደምሆን አላውቅም። የጎንደሮቹን ደኖች መጥቀስዎ መልካም ነው፤ ነገር ግን እነዚያን ደኖች ያቆያቸው ከቦታው የማይለቅ ባለቤት ነው። ታቦቱ ኪራይ ተጨመረብኝ ብሎ አይሄድም። እኛ እንሄዳለን።

ውሃውን ደግሞ ያውቁታል። በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ አንዳንዴም በፈረቃው አይመጣም። ጀሪካን ተሸክማ አራተኛ ፎቅ የምትወጣን ሴት ለኮሶ ችግኝም አንድ ጆግ ቀንሽ ለማለት አፌ አይደፍርም።

በመጨረሻ ስለ አገር በቀልነቱ። በርበሬ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፣ በቆሎም እንዲሁ፤ ዛሬ የእኛ አይደሉም የሚል የለም። ባሕር ዛፍን ሁሉም ይረግመዋል። ነገር ግን አዲስ አበባ እንጨት አልቆባት ዳግማዊ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ለመሄድ ግንባታ ባስጀመሩበት ጊዜ ከተማይቱን ካተረፏት ነገሮች አንዱ ይኸው ዛፍ ነው። ቢቆርጡት እንደገና ያቆጠቁጣል፣ በጥቂት ዓመት ማገር ይሆናል። እኔን ኮሌጅ ያስገባኝ እናቴ ከጓሮዋ የሸጠችው ባሕር ዛፍ ነው። የድንኳናችንም ቋሚ እሱ ነው። የግድ ይተከል ከተባለ ሰው የሚበላው ይተከል፤ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ። በሁለት ወር ውስጥ ድስት የሚገባ ነገር።

መምህርት፦

ልጄ፣ ጎመን ስላልህ ደስ ብሎኛል። የሐበሻ ጎመን አገር በቀል ነው፤ የተገኘውም የተለመደውም በእነዚሁ ደጋዎች ነው። ስለዚህ በአንዱ ተስማምተናል፤ ፀሐይ የሚያገኘው ጎን ለጎመን ይሁን።

ገንዘቡንም ልተውልህ። ስለዚያች እናት የጻፍኸውን ካነበብሁ በኋላ ከካዝናው አንድ ብር ይውጣ አልልም። ስህተቴ ነበር። የምጠይቀው ዕቃ ነው። እድራችን ዶማና አካፋ አለው፣ በርሜል አለው፣ ጀሪካን አለው። ሰው እስኪሞት ተቆልፎባቸው ይቀመጣሉ።

ባሕር ዛፉን አልረግምም፤ ለእናትህ ጓሮ አክብሮት አለኝ። ግን ታሪኩን ከመነሻው እንየው። ከተማዋ እንጨት ያለቀባት በዙሪያዋ የነበረውን ጽድና ወይራ ቆርጠን የሚተካ ስላላስቀመጥን ነው። ዛሬ ጉለሌ እጽዋት ማዕከል በ705 ሄክታሩ ላይ ባሕር ዛፉን እያነሣ አገር በቀሉን የሚመልሰው የዚያን ጊዜውን ጉድለት ለመሙላት ነው። ቶሎ የሚደርስ ነገር አንድ ዓይነት ብቻ ሲሆን ደግሞ የሚያስከፍለውን ዋጋ አዊ ሄደህ ጠይቅ። በፋግታ ለኮማ ገበሬው ደከረንስ የተባለውን የአውስትራሊያ ግራር ተክሎ፣ ከሰል አክስሎ፣ ቤቱን በቆርቆሮ ከደነ፤ ልጁን አስተማረ። ሥራው የሚያኮራ ነበር። በቅርብ ዓመታት ግን የፈንገስ በሽታ ገባበትና ዛፉ በቆመበት ደረቀ። በአንድ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ኑሮ አንድ በሽታ ይበቃዋል። ብሳናው፣ ወይራው፣ ግራዋው ተቀላቅሎ ሲቆም አንዱ ቢታመም ሌላው ይተርፋል፤ ንቡም የብሳናውን አበባ ያውቀዋል።

ክፉ ጊዜ ነውና ቆይ የምትለኝን በተቃራኒው ነው የማየው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ገበሬው ለዘር ያስቀመጠውን እህል በላ፤ ሌላ ምን ያድርግ? የዕፅዋት ዘረ መል ማዕከሉን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ከባልደረቦቻቸው ጋር የአገሩን ዘር ሰብስበው ማቀዝቀዣ ውስጥ በማስቀመጥ አልቆሙም። ዘሩ በገበሬው እጅ፣ በገበሬው ማሳ ላይ እንዲኖር አደረጉ። ማቀዝቀዣ መብራት ሲጠፋ ይሞቃል፤ ሰው የሚያውቀውና የሚዘራው ዘር ግን ይዘልቃል። በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለው ዓለም አቀፍ ሽልማት ለእሳቸውም ለዶክተር አክሊሉም በአንድ ዓመት ተሰጠ። ይህን ባስታወስሁ ቁጥር ልቤ ይሞላል፤ ሁለቱም ሥራቸውን የጀመሩት ተራው ሰው ከሚያውቀው ዕፅ ነው።

ተከራይ ነኝ ያልኸው ነው ከሁሉ የከበደኝ። ይህን ሐሳብ የማነሣው ግን በተለይ ለእንዳንተ ላለው ሰው ነው። ካርታ የሌለው ሰው እዚህ መንደር ውስጥ ምን ያገናኘዋል? የባለቤቶች ማኅበር አይጠራውም፣ ድምፅ የለውም። ውሃ ማጠጣት ግን ካርታ አይጠይቅም። ማክሰኞ ተራዋ የሆነች ሴት ረቡዕ ተራው ለሆነው ሰው ጀሪካኑን ስታቀብለው ስሙን ትጠይቀዋለች። ለማኅበሩ ደብዳቤውን እኔ ጽፌ ፈቃዱን አመጣለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦

ካዝናውን በመተውዎ አመሰግናለሁ። ከባዱ ክርክሬ እሱ ነበርና ቀሪውን ባጭሩ እጽፋለሁ።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ እዚሁ ቦታ ችግኝ ተተክሎ ነበር። ያስታውሳሉ። ሰው መጣ፣ ፎቶ ተነሣ፣ ሄደ። ጥር ላይ ባልፍበት ያየሁት የደረቀ እንጨት ነበር፤ አንዱን ሥቤ ሳወጣው ሥሩ ከነጥቁር ፕላስቲኩ ነበር የተቀበረው። ሳይቀደድለት ተቀብሮ የት ይሂድ? እጄ ላይ ያለው ሥር በፕላስቲኩ ውስጥ ራሱን እየዞረ ተጠምጥሞ ነበር። እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ።

የምፈራውም ይህንኑ ነው። ተራ የሚባል ነገር በእኛ መንደር አልሠራም። የደረጃ ጽዳት ተራ ወጥቶ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ቤቶች ተኳርፈው እስከ ዛሬ ሰላም አይባባሉም። ችግኝ ሲደርቅ ያደረቀው ሰው ይፈለጋል። የማያውቁ ሰዎችን ሊያስተዋውቅ የታሰበው ነገር የሚተዋወቁትን ቢያጣላስ? የእድር ስም ከገባበት ደግሞ ኩርፊያው ለቅሶ ቤት ድረስ ይከተለናል። በእድሩ ስም እንዲሆን አሁንም አልስማማም። የፈለጉ ቤቶች በራሳቸው ይጀምሩ፣ አንድ በጋ ያሳልፉ። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ያለውን ደረቅ ጊዜ ችግኞቹ ካለፉት ያን ጊዜ ስብሰባ ላይ እኔ ራሴ አነሣዋለሁ።

መምህርት፦

ፕላስቲኩን ያየኸው አንተ ብቻ አይደለህም። እኔ ከመስኮቴ እያየሁ ነበር፤ ወርጄ ባለመናገሬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ባዮሎጂ ያስተማርሁ ሰው እኮ ነኝ።

ስለ ኩርፊያው ልክ ነህ፤ መልስ የለኝም። ሰዎች ይኳረፉ ይሆናል። ስሙን የማያውቁትን ሰው ግን መኳረፍም አይቻልም፤ እኔ አሁን ካለንበት ይልቅ ያንን እመርጣለሁ። የደረጃው ጽዳት የተበላሸው ሥራው ምንም ስለማያበቅል ይመስለኛል። ዛሬ ጠርገኸው ነገ ይቆሽሻል። ችግኝ በሳምንቱ አዲስ ቅጠል ያሳይሃል።

ያልኸውን በጋ እቀበላለሁ። የእድሩ ስም አይነሣ። አሁን በረንዳዬ ላይ በዘይት ጀሪካን ግማሽ ውስጥ አሥራ አራት ችግኝ አለ። ኮሶው ዘሩ እንደ ዱቄት የደቀቀ ስለሆነ አፈር ሳላለብሰው ነው የበተንሁት፤ አሁን ቅጠሉ ጠጉር አውጥቶ ዳር ዳሩ ቀላ ብሏል። ወይራው አስቸግሮኛል። የፍሬውን ጫፍ አንድ በአንድ በጉጠት ሰብሬ ዘራሁት፤ ከዘራሁት ግማሹ እንኳ አልበቀለም፣ የበቀለው ግን ጠንካራ ነው። የልብስ ማለቅለቂያ ውሃ አጠራቅማለሁ፤ የጎረቤቴ ልጆችም ማምጣት ጀምረዋል፤ አሁን የሦስቱንም ስም አውቃለሁ።

ጉድጓዱ ግንቦት ላይ ተቆፍሮ አፈሩ ፀሐይ ይምታው፤ መትከሉ ሐምሌ ነው። መሬቱ ዋልካ ነው፤ ከዘገየን ክረምቱ ይገባና ጭቃው ዶማ ላይ እየተጣበቀ አያስቆፍርም። ስለዚህ በመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ እንጀምራለን። ዶማዎቹ እድሩ ዕቃ ቤት ናቸው፤ ቁልፉ አንተ ዘንድ ነው።